በየክረምቱ የሚያድገው ልጅ

«አንብበሽ የጨረስሽውን መጽሐፍ ለምን ትደግሚዋለሽ?» የሚሉኝ ሰዎች ያናድዱኛል። የዛሬውን ሽሮ ነገ አትደግሙትም እንዴ? ትላንት የሳማችሁትን ልጅ ዛሬ «አውቀዋለሁ» ብላችሁ ታልፉታላችሁ? አሁን ራስጌዬ ላይ ሦስት መጻሕፍት አሉ። አንዱ የልጅ ልጄ ያመጣችልኝ አዲስ ልብ ወለድ ነው፤ ሰዎቹ ከማኩረፍ በቀር ሥራ ስለሌላቸው መሐሉ ላይ ትቼዋለሁ። ሁለተኛው ስለ ስኳር በሽታ ነው፤ እሱን የማነበው ሐኪሜን ስለምፈራ ነው። ሦስተኛው ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበደ አሮጌ ልብ ወለድ ነው። ርዕሱን ጠርቶት የሚያውቅ ሰው ቤታችን አልነበረም፤ የነጋዴው መጽሐፍ ነበር የምንለው። ይህን መጽሐፍ ዕድሜዬን ሙሉ ስደግመው ኖሬ፣ ምን እንደሚል ዛሬም በትክክል አላውቅም። አርጅቼ እንዳይመስላችሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቴም እንዲሁ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ያደግኩት ሐዋሳ ነው፤ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ቤታችን በምሥራቅ በኩል፣ የበቆሎ ማሳ የሚጀምርበት ዳር ላይ ነበር። አባቴ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ከተማዋ ገና ጥቂት መንገድና ጥቂት ቆርቆሮ ቤት ሳለች ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። ክረምት ሲገባ፣ ከሥራ መልስ፣ በረንዳ ላይ ወንበሩን ያወጣና የነጋዴውን መጽሐፍ ያነብልናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁን ከፍ፣ ሲያባራ ዝቅ ያደርጋል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጥጧን ጭኗ ላይ አድርጋ እንዝርቷን እያሾረች ትሰማለች። እኔ እግራቸው ሥር እቀመጣለሁ። በበጋ ሌላ ሌላውን እናነባለን፤ ክረምት ግን የነጋዴው ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ነጋዴ በቅሎዎቹን ጭኖ ሩቅ አገር ሲሄድ ሚስቱንና ገና ድክ ድክ የሚል ወንድ ልጁን ትቶ ይሄዳል። ልጁን ኩፍኝ ይይዘዋል፤ እናቲቱ ትጨነቃለች፤ ልጁ ይድናል። ከዚያ በኋላ ነጋዴውን የሚያስታውሰው የለም፤ መጽሐፉ የልጁ ነው። እኔ በማስታውሰው የመጀመሪያ ክረምት ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ወንዝ ወርዶ ሲዋኝ ጓደኞቹ ልብሱን ሰርቀውት፣ ኮባ ቅጠል አገልድሞ መንደር ለመንደር ገባ። እናቴ በሳቅ ክሩን በጠሰችው። በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ቦታ ላይ ስንደርስ ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የፊት ጥርሱን ሰብሯል። በሚቀጥለው ድምፁ ጎርንኖ እናቱን «አንቺ ሴትዮ» ማለት ጀምሯል። እናቴ «ምን ያለው ባለጌ ወጣው!» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ይህ ሁሉ እኔን አልደነቀኝም። መጽሐፍ ማለት እንደዚያ መስሎኛል። ሰው ያድጋል፣ ጥጃ ያድጋል፣ መጽሐፍም ያድጋል። ሰዎች መጽሐፍ የሚደግሙትም አምና ትተውት የሄዱት ሰው ዘንድሮ ምን እንደደረሰ ለመጠየቅ ነው ብዬ አምን ነበር። ክረምት የምናፍቀውም ለዚሁ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እናቴ «እስቲ ያንን ልጅ እንየው» ትላለች፣ አባቴም መጽሐፉን ለማምጣት ይነሳል።

ታዲያ አንድ ቀን አስተማሪያችን ቤት ያነበባችሁትን ታሪክ ንገሩን አሉ። እጄን አወጣሁና «የነጋዴውን መጽሐፍ ዘንድሮ ገና አላነበብነውም፤ የአምናውን ልናገር?» አልኩ። አስተማሪው አልገባቸውም። ሳስረዳቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «የኔ ልጅ፣ መጽሐፍ አንዴ ከታተመ ታተመ ነው» አሉኝ። ንዴቴን ይዤ ቤት ገባሁና አባቴን አፋጠጥኩት።

«አስተማሪሽ ልክ ናቸው» አለ።

«ታዲያ የኛስ?»

«የኛም ያው ነው» አለና ዶሮዎቹን ልይ ብሎ ወጣ። ዶሮ አልነበረንም።

በዚህ መሐል ዘመኑ ተለወጠ። ንጉሡ ወርደው ደርግ መጣ፤ ቀበሌ፣ ስብሰባ፣ ዘመቻ የሚሉ ቃላት ወደ ቤታችን ገቡ። የመጽሐፉ ልጅ ግን አልተነካም። በበቅሎ ዘመን የተወለደው ልጅ ሰፊ የቴትሮን ሱሪ ለበሰ፣ ልብስ ሰፊ ቤት ገብቶ የሲንጀር መኪና ለመደ። ሱሪው ከበቅሎዎቹ ጋር እንዴት እንደሚሄድ አባቴን ስጠይቀው «ዝም ብለሽ ስሚ» አለኝ። ልጁ አንዲት ጠጅ ሻጭ ወደደ። እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ «ይህችንማ አያገባትም! ንገረው!» ብላ ጮኸች። በሚቀጥለው ክረምት ልጅቷ የት እንደገባች አልታወቀም። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በወጣ ጊዜ ደግሞ የሰፈሩ እናት ሁሉ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። እናቴ በፍርሃት «እሱስ? አይዘምትም?» አለች። አባቴ ዓይኑን ከገጹ ሳይነቅል፣ በችኮላ፣ ልጁ ለምርመራ ቀርቦ ግራ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ መመለሱን አነበበ። እናቴ «ተመስገን» ብላ አማተበች። እኔ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ መጽሐፍ እንደማያድግ በደንብ አውቃለሁ። አባቴ እያከለበት እንደሆነም ገብቶኛል። ጨዋታ ለማሳመር ነው ብዬ ተውኩት።

ነገር የመጣው ከመሠረተ ትምህርት ነው። እናቴ ከአጥራችን ማዶ ከምትኖረው ጎረቤታችን ጋር ቀበሌ እየሄደች ፊደል ቆጠረች። ጎረቤታችን ገበያ ቆጮ የምትሸጥ ሲዳማ ናት፤ የሚጸልዩበት ቤት ከተዘጋ ወዲህ መዝሙሯን በቆጮው ላይ ነበር የምታንጎራጉረው። ሁለቱ ሴቶች ደብተራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሲሄዱ ሲታዩ ያስቁ ነበር፤ እኔማ ስቄባቸዋለሁ። አለፉ። የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ከዚያም መንግሥት የንባብ ልማዳቸው እንዳይጠፋ ስለ ንብ እርባታ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ ሰጣቸው። እናቴ ዓመቱን ሙሉ ንብ አነበበች። ንግሥቲቱን፣ ሠራተኞቹን፣ ቀፎውን በቃሏ ወጣችው።

አንድ ቀን የንቡን መጽሐፍ ወረወረችና «አሁንስ ንብ ሰለቸኝ! የራሴን መጽሐፍ አምጡልኝ» አለች። የራሴን የምትለው የነጋዴውን ነው።

አባቴ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ለሰው አውሼዋለሁ» አለ። በማግስቱ ስትጠይቀው «አይጥ በልቶታል» አለ። በሦስተኛው ቀን «መሥሪያ ቤት ረሳሁት» አለ። ኧረ ወዲያ! አባቴ እኮ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ አባል ሆኖ የሰፈሩን ጠብ የሚዳኝ ሰው ነው። በእናቴ ቦታ ሆኜ ተናደድኩ። ሴትየዋ በስተርጅና ተምራ የምትወደውን መጽሐፍ ራሴ ላንብብ ብትል ምን አለበት? አባቴ ያከለውን ጨዋታ ብታውቅበትስ፣ ስቃ አትተወውም? ቤቱን በረበርኩና ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ጀርባ አገኘሁት። ለእናቴ ከመስጠቴ በፊት ግን አባቴ ምን ያህሉን እንደፈጠረ ለማየት ጓጓሁ። በደብተሬ መሐል ደብቄ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።

አሳ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን አውጥተው አሳ ይበልታሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ያንን ራሰ በራ አንገታቸውን ቀብረው አንጀት እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ሾላ ሥር ተቀምጬ ገለጥኩ። ነጋዴው ሄደ። ልጁ ታመመ። ከዚያ፣ ገና በመጽሐፉ ሩብ ላይ፣ ልጁ ሞተ ይላል። እንዴ! ገጹን መልሼ አነበብኩት። ሞተ። ተቀበረ። ቀጥዬ ሄድኩ፤ ነጋዴው ይመለሳል፣ ይከስራል፣ ርስት ይካሰሳል፣ እስከ መጨረሻው ክስ ነው። ወንዙ የለም። የተሰበረው ጥርስ የለም። የልብስ ስፌቱ መኪና የለም። ምናልባት የተቀደደ አለ ብዬ የገጾቹን ቁጥር አየሁ፤ አንድም አልጎደለም። ሌላ መጽሐፍ ይሆን ብዬ ልባዱን ፈትቼ አየሁ፤ ያው ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የሰማሁት መጽሐፍ እጄ ላይ ሆኖ ጠፋብኝ። ጨዋታ ለማሳመርማ ሁለት ሦስት ቀልድ ይጨመራል እንጂ የሞተ ሰው ይነሳል?

አባቴን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጠበቅኩት። መጽሐፉን እጄ ላይ ሲያይ መንገድ ጀመረ። ተከተልኩት። በጋሪ ፈረሶቹ መቆሚያ አልፈን፣ ሰው የሌለበት ደረስን።

«ከአንቺ በፊት ወንድም ነበረሽ» አለኝ።

እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ እያልኩ ነው ያደግኩት። አባቴ እየሄደ ነገረኝ፤ አንድም ጊዜ ዞሮ አላየኝም። ከሰሜን ሳይመጡ በፊት ነው። ልጁ ሁለት ዓመቱ ነበር። ኩፍኝ ገባና ልጁንም እናቴንም ጣላቸው። ልጁ ሲቀበር እናቴ ራሷን አታውቅም። ስትነቃ ሽማግሌዎቹ «እሷ እንዳታለቅስ፣ ደካማ ናት፣ ትሞትብሃለች» ብለው አባቴን አስጠነቀቁት። እሱም አታልቅሺ አላት። ዝውውር መጣና አዋሳ ገቡ። እዚህ የሚያውቃቸው የለም፣ ስለዚህ ማንም መጥቶ «እግዜር ያጥናችሁ» አላላቸውም። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

«ላጫውታት ብዬ ይህን መጽሐፍ ጀመርኩላት» አለ። «ቀድሜ አላነበብኩትም። ገጹ ላይ ስደርስ ዞራ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ምን ላድርግ? አዳንኩት። ለዚያች ቀን ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ግን፣ ‹ያ ልጅ አሁን ስንት ዓመቱ ሆነ?› አለችኝ።»

«ታውቃለች ማለት ነው?»

«እንጃ» አለ አባቴ። «ሃያ ዓመት አነበብኩላት፣ አላውቅም። አንድ ቀን ታውቃለች እላለሁ፣ አንድ ቀን አታውቅም እላለሁ። ስለ ልጃችን እኔና እሷ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።»

ገጹን እንቅደደው አልኩት። አባቴ መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ «ሌላው ገጽስ? ከዚያ በኋላ እኮ ልጁ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። የሚቀደድ አንድ ገጽ ነው፣ የሌለ ልጅ ግን በየገጹ የለም። «እንዳትሰጫት» አለኝ። «አንዴ የቀበረች እናት ሁለተኛ አትቀብርም።» አልሰጣትም አልኩ። አባቴ ግን ግራ አጋባኝ። አሳዘነኝ፣ አናደደኝም። ወንድሜን ሃያ ዓመት ሲያሳድገው ኖሮ ለእኔ አልነገረኝም፤ እኔ ደግሞ ያንን ልጅ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ የወጣ ባለጌ እያልኩ ስወደው ኖሬያለሁ። የማላውቀውን ወንድሜን አውቀው ነበር ማለት ነው? ወይስ አባቴን ነው የማውቀው? ዛሬም መልሱን አላገኘሁትም።

መጽሐፉን ከሻንጣው ጀርባ መለሰው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ እናቴ ለዘመን መለወጫ ቤት ስታጸዳ አገኘችው። አልተቆጣችም። «አይጡ ጨዋ ነው፣ ሳይነካው መለሰው» ብላ አባቴን ብቻ አየችው። በዚያው ቀን ጀመረች።

ጣቷን ፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ጮክ ብላ፣ እየቆጠረች ታነባለች። በቀን ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። ጎረቤታችንም ሥራዋን ይዛ እየመጣች ታዳምጣለች። «እትዬ፣ ራዲዮ ሆኑ እኮ!» እያለች ታሞግሳታለች። አባቴ ከመሥሪያ ቤት በጊዜ መምጣት ጀመረ። «ነይ ላንብብልሽ፣ ዓይንሽ ይደክማል» ይላታል። «አንተ ሃያ ክረምት አንብበሃል፤ አሁን ተራው የኔ ነው» ትለዋለች። አንድ ቀን ራሴን አመመኝ አለ፤ ዳማከሴ አጠጥታው ወደ ገጿ ተመለሰች። አንድ ቀን እኔ አጥሩ በር ላይ ሆኜ ሰው ይፈልግሻል ብዬ ጠራኋት፤ ገጹን በጥጥ ምልክት አድርጋ ወጣችና ማንንም ስታጣ ተመልሳ ገባች። በቅሎዎቹ ተጫኑ። ነጋዴው ሄደ። ልጁን አተኮሰው። እኔንና አባቴን እህል አልወርድ አለን።

የደረሰችበት ቀን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሁላችንም በረንዳ ላይ ነን። እናቴ ዓረፍተ ነገሩን ጀመረች፣ ፊደል በፊደል፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። ተሳስቼ ነው ብላ ከመጀመሪያው አነበበችው። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን ሳትቆጥር፣ በአንድ ትንፋሽ ወጣችው። ጎረቤታችን «ውይ! ይድን አልነበረም እንዴ?» አለች። በአጥር በኩል ስንት ክረምት ሰምታዋለች።

እናቴ ቀና ብላ አባቴን አየችው። «ያ ሁሉ ዓመት ያነበብክልኝ ማንን ነው?» አለችው።

«የኛን» አለ አባቴ።

እናቴ መጽሐፉን ወንበሩ ላይ በቀስታ አስቀመጠች። ተነሳች። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከእናቴ ወጥቶ አያውቅም። ደረቷን እየመታች «ልጄን! ልጄን!» አለች። አባቴ እንዳታለቅስ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ እጁን መለሰው። ጎረቤታችን ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አብራት ጮኸች።

ለቅሶ ሲሰማ ሰፈር አይቀመጥም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እያጣፉ ግቢውን ሞሉት። የእድሩ ዳኛ መጥተው «ማን አረፈባችሁ?» ብለው አባቴን ጠየቁት። ከመጽሐፍ የሞተ ነው ይበል? ከሃያ ዓመት በፊት ነው ይበል? አባቴ ዙሪያውን አየ፣ መጽሐፉን አየ፣ እናቴን አየ። «ልጃችን» አለ። «የበኩር ልጃችን። ሰሜን ነበር።»

ሰሜን ሲሉ ሰዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጦር ሜዳ የሞተ መስሏቸው ነበር፤ ያ ዘመን ስለ እንደዚያ ያለ ሞት ጮክ ተብሎ የማይጠየቅበት ነው። እድሩ ድንኳን ተከለ። ንፍሮ መጣ፣ ከጎረቤታችን ቤት ቆጮ መጣ። እንኳን እናቴ ሞታ እንዲሁም አልቅስ አልቅስ ይለኛል እንደሚባለው፣ ልጆቻቸው የዘመቱባቸው ሴቶች የራሳቸውን ፍርሃት ይዘው መጥተው እኛ ድንኳን ውስጥ አፈሰሱት። እኔም አለቀስኩ፤ ለሁለት ዓመቱ ሕፃን ይሁን፣ ጥርሱ ለተሰበረው ይሁን፣ ለልብስ ሰፊው ይሁን አላውቅም። ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፣ አባቴ እየተነሳ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሃያ ዓመት የዘገየ ቃል ነው፣ አንድም ሳያልፈው ተቀበለው።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ባልቴት ከእናቴ አጠገብ ተቀምጠው፣ እንደ ወጉ፣ «ስንት ዓመቱ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ሁለት» አለ አባቴ።

«ሃያ ሁለት» አለች እናቴ።

ሁለቱም እኩል ነበር የተናገሩት። ባልቴቷ ግራ ገብቷቸው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። እናቴ ግን አንገቷን አልደፋችም፤ አባቴን ትክ ብላ እያየች ትጠብቀዋለች። አባቴ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ።

«ልክ ናት» አለ። «ሃያ ሁለት ነው።» ከዚያ እሱም ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።